የክንፍ ኮቴ

ዛሬም ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነቃሁ። የደብረ ማርቆስን ሐምሌ መቼም ታውቁታላችሁ፤ ጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ተደርቦ እንኳ ጉልበት አይሞቅም። ማታ ከታናሼ ጋር በስልክ የተባባልነው ሲያብሰለስለኝ አድሮ፣ የማልልክለትን መልስ እዚህ ልጽፈው ደብተሬን ገለጥሁ።

ከተናገረው ይልቅ ያበሳጨኝ ድምፁ ነው። የእኔው ድምፅ ነዋ! አክስታችን እስከ ዛሬ ስልክ ስታነሣ «የትኛው ነህ?» ሳትል ወሬ አትጀምርም። ሰው በገዛ ድምፁ ሲሰደብ ምን ብሎ ይመልሳል? እናታችን ግን ተሳስታ አታውቅም ነበር። በር ሳናንኳኳ፣ ገና ከግቢው ጭቃ ስንገባ በኮቴያችን ትለየን ነበር፤ እሱ እግሩን ይጎትታል፣ እኔ ተረከዜን እደልቃለሁ።

እዚህ ላይ ስደርስ ከቆርቆሮው ላይ የጥፍር ኳኳታ ተሰማ።

ርግቦቹ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ እየመጡ እኔ ላይ የሚያነጉት ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ለብዙው ሰው ግን ርግብ ያው ርግብ ነው። አንዷ የዓይኗ ዙሪያ የቀላ፣ ክንፏ ነጭ ነጠብጣብ የተረጨበት ናት። ሌላዋ አመድማ፣ ማጅራቷ ላይ ነጭ አንገትጌ ያላት፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር የትም የማትገኝ። በጨለማ መልክ ስለማይለይ ጆሮዬን አቀናሁ። ነጠብጣቧ «ሁ፣ ሁ፣ ሁ፣ ሁ» እያለች አንዱን ድምፅ ታከታትለዋለች፤ መጀመሪያ ከፍ፣ ኋላ ዝግ። ባለ አንገትጌዋ ለራሷ የምታጉረመርም ባልቴት ናት። ከጓሮው ባሕር ዛፍ ደግሞ ጠቆር ያለችው የደጋ ዋኔ ገባችበት፤ «ኩርርር… ኩርርር»፣ ጉንፋን የያዘው ጉሮሮ። ጣና ዳር ከትልልቆቹ ዛፎች ላይ የምትጮኸው ዓይነ ቀይ ዘመዷ ብትሆን ኖሮ ስድስት ምት ቆጥራ፣ አረፍ ብላ፣ እንደገና ስድስቱን ትደግም ነበር።

እርሳስ ይዤ በዜማ ምልክት ልጽፋቸው ሞከርሁ። ከቆሎ ተማሪነቴ የተረፉኝ ስምንቱ ምልክቶች ብቻ ናቸው። ለነጠብጣቧ ደረት ሰጠሁ፤ ለዋኔዋ ድፋት፣ ከላዩም ርክርክ፤ ለጣናዋ በየስድስቱ መጨረሻ ቁርጥ። የዜማ መጽሐፉን ጾመ ድጓን ያልዘለቀ ሰው ለርግብ ምልክት ሲያወጣ የኔታ ቢያዩ አለንጋቸውን ባነሡ ነበር። ለቅዱስ ያሬድ ሦስት ወፎች ከገነት እንደ መጡለት ስንት ጊዜ ነገሩን! ሲያርፉ ክንፋቸው ምን ዓይነት ድምፅ እንዳሰማ ግን አልነገሩንም፤ እኔም ለመጠየቅ አልደፈርሁም።

ክንፍን ያነሣሁት በዚህ ምክንያት ነው፤ የጎረቤት ውሻ ጮኸና ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሡ። ርግቦቹ ክንፋቸውን ከጀርባቸው በላይ እያጋጩ «ጧ ጧ ጧ»፣ ልክ እንደ ጭብጨባ። ዋኔዋ ነጠላ ሲራገፍ እንደሚሰማው «ፍርርር»። ከጉሮሯቸው ይልቅ አነሣሣቸው ይለያያል። አውስትራሊያ ውስጥ አንዲት ባለ ጉትዬ ርግብ አለች። በክንፏ ላይ ካሉት ትልልቅ ላባዎች ስምንተኛው ከሌሎቹ የቀጠነ ነው፤ ክንፏን ባራገበች ቁጥር ያፏጫል። ስትሸሽ ቶሎ ቶሎ ስለምታራግብ ፉጨቱም ይፈጥናል፣ የሰሙት ጓደኞቿም ብድግ ይላሉ። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ላይ ተመራማሪዎች ያን ላባ አንሥተው የበረራዋን ድምፅ ቀድተው ሲያሰሙ፣ ብድግ የሚሉት በጣም አነሱ። አፏን ሳትከፍት «ሽሹ!» ትላለች ማለት ነው።

ታዲያ የእኔዎቹ ጭብጨባ ፍርሃት ነው ወይስ እንዲሁ መሄድ? የነጠብጣቧና የባለ አንገትጌዋስ ጭብጨባ ይለያል? አንድ ጊዜ ሰምቶ መፍረድ አይቻልም። ጥቂት ቆይተው ተመለሱ፤ ጥፍራቸው እንደገና ተንኳኳ። ውሻው ግን ተኝቷል። መስኮቱን ገርበብ አደረግሁና፣ እግዜር ይይልኝ፣ እኔው ጮኽሁ። ሁለት ጊዜ፣ ከደረት።

ርግቦቹ ንቅንቅ አላሉም። የተነሡት አከራዬ ናቸው። ኮቴያቸው በረንዳውን ይዞ መጣ፤ የግራ ጫማቸው ስለሚሰፋቸው አንዱ እርምጃ ይጎተታል፣ እሳቸውነታቸው አያጠራጥርም። ከደጄ ላይ ቆመው፣

«የማን ውሻ ነው የገባው?» አሉ።

አሁን በሰው ድምፅ ልመልስላቸው ወይስ አንድ ጊዜ ልድገም?