ከመጠለያ የወሰድኳትን ውሻ ለፍለጋና ማዳን ሥራ ያሰለጠንኩበት መንገድ

ወደ መጠለያው የመለሷት ሰዎች ምክንያታቸው ዕረፍት የላትም፣ ኳስ ካየች ሌላ ነገር አይታያትም የሚል ነበር። እኔ ደግሞ የምፈልገው ይህንኑ ጠባይ ነበር። ኳሱን አሳይቼ ረጅም ሣር ውስጥ ወረወርኩትና ጥቂት ይዤ አቆየኋት። ሌሎቹ ውሾች በዚህ መሃል ኳሱን ረስተውት ነበር። እሷ ግን እንደተለቀቀች አፍንጫዋን ደፍታ ሣሩን ታስስ ጀመር፤ ስጠራትም ዞር አላለች።

እ.ኤ.አ. በ1995 በኦክላሆማ ሲቲ በቦምብ በፈረሰው ሕንጻ ከውሻቸው ከመርፊ ጋር የተሰማሩት ዊልማ ሜልቪል፣ በዓመቱ የፍለጋ ውሾች ማሰልጠኛ ድርጅት ሲያቋቁሙ ብዙዎቹን ውሾች ከመጠለያ መመልመል የጀመሩት እንዲህ ያለውን ጠባይ ፈልገው ነው።

ሥልጠናው የሚጀምረው በድብብቆሽ ነው። ረዳቴ ኳሱን እያሳያት ሮጦ በርሜል ውስጥ ይገባና ክዳኑን ይዘጋል። መጀመሪያ ክዳኑን በጥፍሯ ቧጠጠች፣ በርሜሉን ዞረችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ሁለታችንም ዝም አልን። ትዕግሥቷ ሲያልቅ አንዴ ጮኸች፤ ወዲያው ክዳኑ ተከፍቶ ኳሱ ወጣላት። በእውነተኛ ፍለጋ ላይ ሰው እስኪደርስላት ሳታቋርጥ መጮህ ስላለባት፣ ክዳኑ የሚከፈትበትን ጊዜ ቀስ በቀስ አራዘምነው። ሽልማቱን የሚሰጣት ሁልጊዜ የተደበቀው ሰው ነው፤ ኳሱ እኔ ጋ እንደሌለ ስታውቅ ርቃኝ ለመሄድ አታመነታም።

ሳንቃ ላይ መራመድና መሰላል መውጣት ቶሎ ለመደች። ፍርስራሽ ላይ ስትሰማራ የአንገት ማሰሪያዋን አወልቃለሁ፤ የሕንጻ ብረት ከያዘው ሊያንቃት ይችላል።

ብዙ ጊዜ የፈጀብን ንፋስ ነው። የሰው ጠረን ከፍርስራሽ ስር ቀጥ ብሎ ላይወጣ ይችላል፤ በኮንክሪቱ ስንጥቅ ተሽሎክሉኮ ከተቀበረው ሰው ራቅ ብሎ ብቅ ይላል። ውሻዋ የምትጮኸው ጠረኑ በሚወጣበት ቦታ ነው። ስለዚህ ትንሽ ዱቄት በትኜ ንፋሱን አያለሁ፤ ንፋሱ ፊቷን እንዲመታት አድርጌ አሰማራታለሁ። ጮኻ ካሳየችኝ በኋላም ቦታውን ምልክት አድርጌ በሌላ አቅጣጫ እንደገና እልካታለሁ።

ከሁሉ በላይ አስፈላጊ የምለው ግን ሰው የተደበቀበትን ቦታ እኔም ሳላውቅ መለማመድን ነው። የማውቅ ከሆነ እዚያ ስደርስ እርምጃዬ ይዘገያል፣ ትከሻዬ ወደዚያ ያዘነብላል፤ እሷም ይህን አይታ አፍንጫዋን ትታ እኔን ታነባለች። በእውነተኛ አደጋ ጊዜ ደግሞ ሰው የት እንዳለ እኔም ስለማላውቅ ከእኔ የምታነበው ነገር አይኖርም። በየቦታው ምግብና የተለበሰ ልብስ እናስቀምጥ ነበር፤ ለእነዚህ ሳትጮህ ማለፍ ነበረባት።

በሕይወት ያለ ሰው ያልተገኘበት ፍለጋ ውሻንም ተስፋ ያስቆርጣል። እ.ኤ.አ. በ2001 በዓለም ንግድ ማዕከል ፍርስራሽ የተሰማሩት አሰልጣኞች ውሾቻቸው እንዲያገኟቸው ሰዎችን ይደብቁ ነበር። እኔም ባዶ እጃችንን ከተመለስንበት ፍለጋ በኋላ ከቡድናችን አንዱ ኳሱን ይዞ እንዲደበቅላት አደርጋለሁ፤ አግኝታው ሳትጮህና ሳትጫወት ወደ መኪና አላስገባትም።