ቮልስ ላይ የሌላ ቮልስ ታንከር መግጠም፦ መተንፈሻውን አታስደፍኑ

አሮጌ ቮልስ ያላችሁ ሰዎች አንድ ቀን የቤንዚን ታንከር መቀየራችሁ አይቀርም። ከሃምሳ ዓመት በላይ ያገለገለ ላሜራ ነው። ከቤንዚን ጋር የገባ ውሃ ከሥር ይተኛና ቀስ እያለ ይበላዋል። የእኔ መኪና በፈረንጅ 1965 የተሠራች ናት። አባቴ ያወረሰኝ ስለሆነች ልሸጣት አስቤ አላውቅም። ታንከሯ ማንጠባጠብ ሲጀምር ግን ቤተሰቤ አልሳፈርም አለ። ቮልስ ላይ ታንከሩ የሚቀመጠው ከፊት ኮፈን ሥር፣ ከዳሽቦርዱ ማዶ ነው። ትንሽ ካፈሰሰ ሽታው ቀጥታ ጋቢና ይገባል።

መካኒኮች ሳሙና ይለጥፉበታል። ደረቅ ሳሙናን ቤንዚን ቶሎ ስለማያሟሟው መንገድ ላይ ለቀረ ሰው እውነትም ያገለግላል። ቤት ያደርሳል እንጂ ዓመት አያደርስም። ብዙ ሰው ግን ከሳሙናው ወደ ማጣበቂያ ይሄዳል፣ ከዚያ በማጣበቂያ ላይ ማጣበቂያ እየደረበ ይነዳል። ከፊታችሁ፣ ከጉልበታችሁ አጠገብ 40 ሊትር ቤንዚን ይዛችሁ ነው የምትሄዱት። ከሥሩ የተበላ ታንከር ይቀየራል፣ ሌላ ወሬ የለውም።

አዲስ ታንከር ፈልጌ አጣሁ። ስለዚህ ከፈረሰ ቮልስ የወጣ ለመግዛት ሶማሌ ተራ ወረድኩ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ ያለንን አድሶ መንዳት ግድ ሆኗል። ሻጩም ይህን ያውቃል። መጀመሪያ ያገኘሁት ልጅ አንድ ታንከር እያገላበጠ፣ «ጋሼ፣ ቮልስ ቮልስ ነው፣ ሁሉም ይገባል» አለኝ። አይገባም! ሱፐር የሚባሉት፣ ከ1971 ሞዴል ጀምሮ (የሞዴል ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው) የመጡት 1302 እና በኋላ 1303፣ የፊት እግራቸው የተለየ ነው። ታንከራቸውም ቅርጹ ሌላ ነው። ከ1961 ሞዴል በፊት የነበሩት ደግሞ ታንከራቸው ረጅምና ሻንጣ ቦታ የሚበላ ነው። ከዚያ ወዲህ ነው ጠፍጣፋው የመጣው። ስለዚህ ታንከሩ የወጣበትን መኪና ሳታዩ ገንዘብ አታውጡ። ኮፈኑን ክፈቱ። ትርፍ ጎማው ቆሞ ከተቀመጠ መደበኛው ነው። ወለል ላይ ከተኛ ሱፐር ነው፣ ጥላችሁት ሂዱ።

እኔ የገዛሁት ከ1970 መደበኛ ቮልስ ላይ የተነሳ ነው። ቦታው ላይ በትክክል ይቀመጣል። ሁለት ልዩነት ግን አለው። ከ1968 ሞዴል ጀምሮ ቤንዚን የሚቀዳው ከውጭ፣ በቀኝ በኩል ባለች ትንሽ በር ነው። የእኔ የሚቀዳው ኮፈን ተከፍቶ ነው። የቤንዚኑን መጠን የሚያሳየው ጌጁም የእኔ በሽቦ የሚጎተት ሲሆን የእሱ በኤሌክትሪክ ይሠራል።

ማጽዳቱ ቀላል ነው። ጠጠርና የልብስ ሳሙና ከውሃ ጋር አስገብቶ መናጥ፣ ማጠብ፣ ከዚያ አቼቶ ሞልቶ ማሳደር፣ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ አለቅልቆ ፀሐይ ላይ ማድረቅ። ዝገቱ እስኪለቅ ደጋግሙት። ከደረቀ በኋላ ባዶውን አታቆዩት፣ ወዲያው ይዝጋል።

ማውጣቱና መግጠሙም እንደዚሁ። ባትሪውን ከኋላ ወንበር ሥር ንቀሉ። ቤንዚኑን አውጡ። አራቱን ብሎኖች ፍቱ፣ ታንከሩ ወደ ላይ ይነሳል። ከሥሩ ያለውን ማኅተም ጎማ በአዲስ ቀይሩ። ከታንከሩ የሚወጣውን የጎማ ቱቦና ፋሼታዎቹንም ቀይሩ፣ የድሮውን መልሶ መግጠም ንፉግነት ነው። ፊልትሮውን እዚያው ከታንከሩ ሥር አድርጉት። ብዙ ጋራዥ ለመቀየር ስለሚመቻቸው ሞተሩ ክፍል ውስጥ ያንጠለጥሉታል። ፕላስቲክ ፊልትሮ ከጋለ ሞተር አጠገብ ተንጠልጥሎ አንድ ቀን ቢያፈስ መኪናዋ በእሳት ትያያዛለች። በዚህ ነገር ከስንት መካኒክ ጋር ተጣልቻለሁ፣ አሁንም አልለወጥም።

ቤንዚን የሚቀዳበትን አንገት በተመለከተ ብዙ ሰው የመኪናዋን ቀኝ ጎን ቆርጠህ በሩን አውጣላት ብሎኝ ነበር። የ1965 ላሜራ አልቆርጥም። የድሮው ታንከር አንገት ተቆርጦ አዲሱ ላይ እንዲበየድ አደረግሁ። እዚህ ላይ ጎበዝ በያጅ ምረጡ። ባዶ የቤንዚን ታንከር ከሙሉው ይልቅ አደገኛ ነው፣ የሚፈነዳው ትነቱ ነውና። በያጁ «ባዶ ነው፣ ችግር የለውም» የሚላችሁ ከሆነ ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ። የእኔ ሰው ደጋግሞ አጥቦ፣ ብየዳው ከሚደርስበት ቦታ በታች ውሃ ሞልቶ ነው የሠራው። ከታንከሩ አናት የምትወጣውን ቀጭን የመተንፈሻ ቱቦም ክፍት አድርጎ ተወልኝ። እጁ ይባረክ። ሥራው እንከን አልነበረውም፣ መኪናዋም ሰላም ሆና ሄደች።

ችግሩ የመጣው የዓመቱ ቴክኒክ ምርመራ ሲደርስ ነው። መብራቱ አለፈ፣ ፍሬኑ አለፈ። የሻንሲ ቁጥር ሊያይ ኮፈኑን ያስከፈተው መርማሪ ጎንበስ ብሎ አሸተተ። «ይሄ ቱቦ ክፍት ነው። ቤንዚን ያተናል። አስደፍነው ይምጡ» አለኝ። መተንፈሻ መሆኑን አስረዳሁት። ታንከር አየር ካላገኘ ቤንዚን አይሰጥም፣ ፋብሪካው ያለ ምክንያት አላስቀመጠውም አልኩት። «ጋሼ፣ እኔ የማውቀው ክፍት ነገር አያልፍም።» የትኛው ደንብ ነው ብዬ ጠየቅሁ። መልስ የለም። እሺ ጻፍልኝ አልኩት። ያንንም አልጻፈም። ሽታ መኖሩን አልክድም፣ ኮፈን ውስጥ ትነት መጠራቀሙ ጥሩ እንዳልሆነም አውቃለሁ። ግን ቱቦውን ወደ ውጭ አውጣው ማለት ሲችል ድፈነው ያለበት ምክንያት ዛሬም አይገባኝም። ቦሎው ሊያልፍብኝ ስለነበር በስታኞ ብየዳ አስደፈንኩት። መርማሪው አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ አሳለፈኝ።

ከዚያ በኋላ መኪናዋ ታመመች። ከተማ ውስጥ አጭር መንገድ ስሄድ ምንም የለም። ወደ ቢሾፍቱ ስወጣ ግን ቃሊቲን አልፌ አቃቂ አካባቢ ስደርስ ጉልበቷ ይከዳል፣ ትንተባተባለች፣ ትጠፋለች። ጥቂት ቆይቼ ሳስነሳት ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። ትንሽ ሄዳ እንደገና ትቆማለች። ከባድ መኪና ከኋላ ጡሩምባውን እየነፋ፣ ቤተሰብ ውስጥ ተቀምጦ፣ መንገድ ዳር መቆም ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል።

ጋራዥ ወሰድኳት። ካንዴላ ተቀየረ። ፑንቲና ተቀየረ። ካርቡራተሩ ወርዶ ታጠበ። የቤንዚን ፓምፑ በሌላ ተተካ፣ ያወጡልኝ ፓምፕ ደህና እንደነበር በኋላ ነው ያወቅሁት። ሌላ ጋራዥ ደግሞ «ሙቀት ነው፣ ቤንዚኑ መስመር ላይ እየፈላ ነው» አለኝና ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ እንዳስር መከረኝ። አሰርኩ። ያው ነው። ለእያንዳንዱ ግምት የከፈልኩት እኔ ነኝ። አንዱም መካኒክ የፊት ኮፈኑን አልከፈተም። ሞተሩ ከኋላ ነውና ሁሉም ከኋላ ነው የሚፈልጉት። ታንከሩ መቀየሩን፣ መተንፈሻው መደፈኑን ነግሬያቸዋለሁ። «እሱ አያገናኘውም» ነበር መልሳቸው።

ያወቅሁት ዱከም ነዳጅ ማደያ ላይ ነው። ኮፈኑን ከፍቼ ክዳኑን ስፈታው ለረጅም ጊዜ ፉጨት የመሰለ ድምፅ ወጣ። ቀጥሎ ታንከሩ «ዱብ» አለ። የምትቀዳው ልጅ፣ «ጋሼ፣ ጎማ ነው እንዴ የተነፈሰው?» አለችኝ። ጎማ አይደለም። አየር እየወጣ ሳይሆን እየገባ ነበር። ታንከሩ ወደ ውስጥ ተጨማዶ ነበር፣ የሃይላንድ ጠርሙስ አፍ ላይ ገጥማችሁ ስትመጡት ጎኑ እንደሚሰረጉደው ማለት ነው። ክዳኑን ላላ አድርጌ ቢሾፍቱ ድረስ ነዳሁ። አንድም ጊዜ አልጠፋችም።

ነገሩ ሁሉ የዚያን ጊዜ ተገጣጠመልኝ። ፓምፑ ቤንዚን በሳበ ቁጥር በቦታው አየር መግባት አለበት። ካልገባ ታንከሩ ውስጥ ያለው ግፊት እየወረደ ይሄድና ፓምፑ ያቅተዋል። ቆም ስትሉ በክዳኑ ጎሚኒ በኩል አየር ቀስ እያለ ይሾልካል፣ ለዚህ ነው ተመልሳ የምትነሳው። ታንከሩ ሙሉ ሲሆን ከላይ ያለው አየር ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ትጠፋለች። እኔ ደግሞ ረጅም መንገድ ስወጣ ሁልጊዜ ሞልቼ ነው። መንገዱም ያግዘዋል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ቢሾፍቱ ወደ 1,900 ሜትር ነው። ስትወርዱ የውጭው አየር ግፊት ይጨምራል፣ የተደፈነው ታንከር ደግሞ የላይኛውን ቀጭን አየር እንደያዘ ነው። ቀን ፀሐይ ላይ ስትቆም ተቃራኒው ይሆናል፤ ትነቱ አብጦ ቤንዚኑን ወደ ካርቡራተር ይገፋዋል። ጠዋት ደህና ያቆምኳት መኪና ከሰዓት በኋላ ቤንዚን አንቋት አልነሳ የምትለው፣ ከኋላ ቤንዚን የምትሸተው በዚህ ነበር። መርማሪው ሽታ ላጥፋ ብሎ ሽታውን ሞተሩ ላይ አመጣው።

ስታኞውን አስነሳሁት። መተንፈሻው ላይ ቤንዚን የሚችል ቱቦ ገጠምኩ። የውሃ ቱቦ እንዳትጠቀሙ፣ ይቀልጣል። ቱቦውን መጀመሪያ ከታንከሩ አናት በላይ ከፍ አድርጌ አሰርኩት፣ ከዚያ በትርፍ ጎማው ጉድጓድ በኩል ወደ መኪናዋ ሥር አወረድኩት። ከፍ ካላደረጋችሁት ሙሉ ታንከር ይዛችሁ ስትታጠፉ ወይም ቁልቁለት ላይ ስትቆሙ ቤንዚን መንገድ ላይ ይፈስሳል። ጫፉን ጭቃ እንዳይደፍነው ከጎማው አርቁት። አሁን ጋቢና ውስጥም ኮፈን ውስጥም ሽታ የለም።

ለጌጁ ገንዘብ አላወጣሁም። የኤሌክትሪኩን ተንሳፋፊ ቀዳዳውን እንዲዘጋ እዚያው ተውኩት፣ ሽቦ አልቀጠልኩለትም። መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁሜ አምስት አምስት ሊትር እየጨመርኩ እንጨት ላይ ምልክት አደረግሁ። የድሮዎቹ ቮልሶች ጌጅ ስላልነበራቸው ባለቤቶቻቸው እንዲሁ በዱላ ነበር የሚለኩት። ዳሽቦርዱ ላይ አዲስ ጌጅ ቆርጦ ከማስገባት ይሻላል ባይ ነኝ።

መኪናችሁ መንገድ ላይ እየጠፋች የምትነሳ ከሆነ ለማንም ከመክፈላችሁ በፊት፣ ልክ እንደጠፋች ሞተሩን ሳታቀዘቅዙ ክዳኑን ክፈቱና ወዲያው አስነሷት። አየር ስቦ ከተነሳች ፓምፕም ካርቡራተርም አትግዙ። ምርመራ ላይ መተንፈሻውን ድፈን የሚላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ደግሞ ቱቦው ወደ ውጭ መውጣቱን አሳዩት፣ አሁንም ይደፈን ካለ በጽሑፍ ጠይቁት። በሚቀጥለው ዓመት ይህንኑ አደረግሁ። ሌላ መርማሪ ነበር። ጎንበስ ብሎ ቱቦውን እስከ ታች ተከተለው፣ ኮፈኑን ዘጋና ቀጣዩን መኪና ጠራ።