ከኮምባይነሩ ኋላ የቀረው ፍሬ

ስንዴው ከደረሰ ሰንብቷል። ሰሞኑን ደግሞ ከሰዓት በኋላ ደመና መሰብሰብ ጀምሯል። የደረሰ እህል ላይ ዝናብ ሲያንዣብብ ሆድ እንዴት እንደሚላወስ ያረሰ ሁሉ ያውቀዋል። ፍሬው ዛላው ላይ እንዳለ ደጋግሞ ከረጠበ እዚያው ይበቅላል፤ ደርቆ ከቆየም ነፋስ ያረግፈዋል። ስለዚህ ገና ሳይነጋ ኮምባይነሩ ዘንድ ነበርን።

ጤዛው እስኪለቅ አይታጨድም። እርጥብ አገዳ መውቂያው ከበሮ ላይ ይጠመጠማል፣ ፍሬውም ከዛላው እሺ ብሎ አይወጣም። ያንን ሰዓት ለግራሶና ለጽዳት ሰጠነው። ራዲያተሩ ላይ የተለጠፈው እብቅ ካልተራገፈ ሞተሩ ቀትር ላይ ይግላል። ታላቅ ወንድሜ የማጨጃውን ቢላዎች አንድ በአንድ እየዳሰሰ የተሰበሩትን ቀየረ። የእርጥበት መለኪያው 13 በመቶ ሲያሳይ ገባን፤ በዚህ ደረጃ የታጨደ ስንዴ ጎተራ ውስጥ አይሻግትም።

እኩለ ቀን ሳይሞላ ከማሽኑ ጎን ቀጭን የብረት ሲጥሲጥታ ሰማሁ። ወንድሜ መሪው ላይ ነበር፤ ደመናውን አየና «ይቺን ጥግ እንጨርስና እናየዋለን» አለኝ።

«ወንድም ጋሼ፣ አሁኑኑ አጥፋው» አልኩት።

አጠፋው። ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተ፤ ያለዚያ ማናችንም እጃችንን አናስገባም። የሚሽከረከረው ሁሉ እስኪቆም ጠብቀን ክዳኑን ስንከፍት፣ ፍሬውን ወደ ላይ የሚያወጣው ማንሻ ዘንግ ላይ ያለው ኩሽኔታ (ዘንጉን ይዞ እንዲሽከረከር የሚያደርገው ባለ ኳስ ቀለበት) ግሏል፤ እጅ አያስቀርብም። ዙሪያው የደቀቀ ገለባ ተከምሯል። ከኮምባይነር ተነስቶ ማሳ የሚበላ እሳት የሚጀምረው እንዲህ ካለ ቦታ ነው። አንዲት ጥግ ለመጨረስ ብሎ ማሳውንም ማሽኑንም ለእሳት ማስያዝ በፍጹም አይዋጥልኝም።

ዳዶዎቹ ዝገት ይዟቸው ስለነበር ናፍታ አጠጥተን ጠበቅን። ቺንጋውን (ዘንጉን የሚያዞረውን ቀበቶ) አላልተን አወረድን፣ አሮጌውን ኩሽኔታ አወጣን፤ ኳሶቹ ተፈረካክሰዋል። ዘንጉ ራሱ አለመበላቱ ትልቅ እፎይታ ነበር። አዲሱን ስናስገባ የተቸኮለበት ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ዘንጉን የሚያቅፈው የውስጠኛው ቀለበት ስለሆነ፣ እሱን ብቻ በሚነካ የብረት ቱቦ አስደግፎ ቀስ እያሉ መምታት ያስፈልጋል። የውጪውን ከመቱት ኃይሉ በኳሶቹ በኩል ስለሚያልፍ፣ አዲስ የተባለው ኩሽኔታ ሥራ ሳይጀምር ይቆስላል።

ወንድሜ ብሎኖቹን ሲያጠብቅ እኔ ከማሽኑ ኋላ ሄጄ ተንበረከክሁ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ለክቼ፣ ገለባውን ገልጬ መሬት ላይ የወደቀውን ፍሬ ለቀምኩ። አንድ ሺህ የስንዴ ፍሬ 40 ግራም ያህል ይመዝናል። በአንድ ካሬ ሜትር 250 ፍሬ ከወደቀ 10 ግራም ነው፤ በሄክታር ሲሰላ 100 ኪሎ፣ ማለትም አንድ ኩንታል ሙሉ! ታርሶ፣ ተዘርቶ፣ ታርሞ፣ ደርሶ መሬት ላይ የሚቀር ኩንታል። ሰው ሁሉ በቀን ስንት ሄክታር እንዳጨደ ይናገራል፤ ስንት እንዳፈሰሰ ግን የሚጠይቅ የለም። እኔ ይህን ነገር ችላ ማለት አልችልም፣ ያንገበግበኛል።

የወደቀው ከሚገባው በላይ ነበር። ማሽኑ ገና ያላለፈበት ቦታ ላይ ስላልረገፈ ነፋስ ያራገፈው አይደለም። ዛላዎቹም ባዶ ናቸው፤ ስለዚህ ከበሮው በደንብ ወቅቷል ማለት ነው። ጥፋቱ ከወንፊቱና ከአየሩ ነው ብዬ የማራገቢያውን ፍጥነት ቀነስን፣ የላይኛውን ወንፊት ትንሽ ከፈት አደረግን። ጥቂት ሄደን ቆመን እንደገና ቆጠርኩ፤ በግማሽ ቀንሷል። የማሽኑ ጎተራ ውስጥ የገባውን ደግሞ በእፍኜ ዘግኜ አየሁት፤ ጥቂት እብቅ ጨምሯል፣ የተሰበረ ፍሬ ግን የለውም። እብቅ ኋላ በማበጠር ይወጣል፣ መሬት የገባ ፍሬ ግን አይመለስም።

ከዚያ በኋላ እስኪመሽ አልቆምንም። ደመናው ማዶ ላይ አራገፈ፣ እኛ ጋ የደረሰው ነፋሱ ብቻ ነው። ከታችኛው ማሳ አንድ ፈርጅ ቀርቷል፤ እዚያ ስንዴው ተኝቷል፣ ማጨጃውን ዝቅ አድርጎ በቀስታ መሄድ ይጠይቃል። ቺንጋው ከሥራ በኋላ ስለሚላላ ነገ ከመነሳታችን በፊት ውጥረቱን ማየት አለብን። አዲሱንም ኩሽኔታ በየመሃሉ እየቆምን እንዳስሰዋለን፤ ወንድሜ በዚህ ተስማምቷል።