ያለ ኦፕራሲዮን ያወጣኝ አምላክ

ለግሸን ማርያም ስለቴን ሳደርስ እመሰክራለሁ ብዬ ነበር። ይኸው።

ኮምቦልቻ ውስጥ ባጃጅ ነው የምነዳው። ሰኔ ላይ፣ መንገዱ በዝናብ ርሶ፣ ድንገት የገባብኝን ልጅ ላተርፍ ስጠመዝዝ ተገለበጥኩ። የመሪው ጫፍ ቀኝ ጎኔን መታኝ። ደም የለም። ከጎድን አጥንቴ ሥር የሳንቲም ያህል የበለዘ ነገር ብቻ። አንድ ክሊኒክ ማስታገሻ ወግተው ወደ ቤት ሸኙኝ። (ስሙን አልጠራም፤ ይቅር ብያለሁ።)

ማታ ያመመኝ ቀኝ ትከሻዬ ነው። ትከሻዬን ማን ነካው? ለካ ከጉበት የፈሰሰ ደም ከሳንባ በታች ያለውን ስስ ጡንቻ ሲነካ ሕመሙ ትከሻ ላይ ይሰማል። ላብ አጠመቀኝ፤ ልነሳ ስል ዓይኔ ጨለመ። ጠመዝማዛውን ዳገት ወደ ደሴ ስንወጣ የምሰማው የእናቴን ድምፅ ብቻ ነበር፦ «የግሸኗ እመቤት፣ ልጄን!»

አልትራሳውንዱ ሆዴ ውስጥ ደም አሳየ። ሲቲ ስካኑ ደግሞ ጉበቴ መሰንጠቁን፤ ከ5 የጉዳት ደረጃ 3ኛው። ወንድሜ «ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ? ክፈቱት እንጂ!» ብሎ ጮኸ። ሐኪሙ፣ ዕድሜ ይስጠው፣ አልተቆጣም። «የደም ግፊቱ እስካልወረደ አንነካውም» አለ። ጉበት ብዙ ጊዜ መድማቱን ራሱ ያቆማል። ግፊት ወርዶ በደምም በሥር በሚሰጥ ፈሳሽም አልመለስ ካለ ግን ሆድ ይከፈታል፤ ጉበቱ ዙሪያውን በጨርቅ ተጠቅጥቆ ይታፈናል፤ ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ጨርቁን ለማውጣት እንደገና ይከፈታል። በቀጭን ቱቦ ገብቶ የሚደማውን ሥር መድፈንም አለ፤ በዚያ ሌሊት እኛ ፊት የነበሩት ግን ሁለቱ ናቸው፦ መጠበቅ ወይም መክፈት።

ወንድሜ «ቁጭ ብለው ሊገድሉብን ነው» እያለ ኮሪደሩን ሲመላለስበት አደረ። እውነቱን ልናገር፣ የኔም ጸሎት «ቶሎ ይክፈቱኝና ልገላገል» ነበር። በየ6 ሰዓቱ ደም ይቀዱኛል። ሄሞግሎቢኔ (ደም ሲፈስ የሚወርደው የደም ልክ) 11፣ ከዚያ 9፣ ከዚያ 8። ልቤ ትሮጣለች። ወንድሜን ወረቀት አስፈረሙት። የጎረቤታችን የሼኹ ልጅ ከኮምቦልቻ መጥቶ ደም ሰጠ፤ ክንዱን በጥጥ እንደያዘ «አብሽር» አለኝ። ከተሰቀለው ከረጢት ጠብ ጠብ የሚለውን ደም እያየሁ ጸሎቴ ተቀየረ፦ «እንግዲህ እንደ ፈቃድህ።»

ሄሞግሎቢኔ ጠዋት 9። ማታ 9። በማግስቱም 9። እናቴ ቁጥሩ ባይገባትም «ቆመ?» አለች። «ቆሟል፣ እማማ» አለቻት ነርሷ። እናቴ መሬት ተደፍታ እልልታዋን አቀለጠችው። «ኧረ በሽተኛ ተኝቷል!» ብትባል ማን ሰምቶ!

ስወጣ ለ3 ወር ከባድ ነገር እንዳላነሳ፣ ትኩሳት ወይም የዓይን ቢጫነት ካየሁ ወዲያው እንድመለስ ነገሩኝ። ከዚያ ሐኪሙ ፈቅዶልኝ መስከረም 21 ግሸን ወጣሁ፣ ቀስ እያልኩ፣ እያረፍኩ። ጥላውን የተሳለችው እናቴ ናት፤ የተሸከመው ወንድሜ ነው። ደም የሰጠኝ ልጅ እስከ ዳገቱ ግርጌ በመኪና አድርሶን፣ እስክንወርድ እዚያው ጠበቀን።