ከአደጋው እስከ መጀመሪያው አንቲባዮቲክ፦ ጥናቴን እንዴት ሠራሁት?

የኦርቶፔዲክስ ሬዚደንት (የአጥንት ሕክምና ስፔሻሊቲ የሚማር ሐኪም) ስትሆን ጥናት መሥራት ግዴታ ነው። ብዙው ሰው የቆዩ ካርዶችን አገላብጦ ይገላገለዋል። እኔን ግን አንድ ነገር ያንገበግበኝ ነበር። አጥንቱ ቆዳውን በስቶ የወጣ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ በሞተር ወይም በባጃጅ አደጋ የተጎዳ ወጣት፣ ድንገተኛ ክፍል ከደረሰ በኋላ የመጀመሪያውን አንቲባዮቲክ እስኪያገኝ የሚፈጀው ጊዜ ነው።

እንዲህ ያለው ስብራት፣ ማለትም ክፍት ስብራት፣ በ6 ሰዓት ውስጥ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብቶ ካልታጠበ አለቀለት የሚለው የድሮ ደንብ፣ በኋላ በተሠሩ ጥናቶች ብዙም ድጋፍ አላገኘም። አንቲባዮቲክ ቶሎ መጀመር ግን ለውጥ ያመጣል፤ የዘርፉ መመሪያዎችም በ1 ሰዓት ውስጥ እንዲሰጥ ይመክራሉ። እግረ መንገዴን ልናገርና፣ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ፍሎው የተባለው ጥናት ክፍት ስብራት ያለባቸውን 2,447 ሰዎች ተከታትሎ ነበር። ቁስሉን በሳሙና ማጠብ በሳላይን (በጨው ውኃ) ከማጠብ አልተሻለም፤ እንዲያውም ዳግም ኦፕራሲዮን የበዛው በሳሙና በታጠቡት ላይ ነው። የውኃው ግፊትም ልዩነት አላመጣም። ማሽን የለንም ብለን ለምንተክዝ ሐኪሞች ይህ ትልቅ ዜና ነው። ከፍ ተደርጎ የተሰቀለ ሳላይን ይበቃል ማለት እኮ ነው።

ወደ ጥናቱ ልመለስ። መጀመሪያ ያስቸገረኝ ሰዓት ነው። ካርዱ ላይ «2:30» ይላል። በሐበሻ ነው በፈረንጅ? ጠዋት ነው ማታ? 1 ሰዓትን ለመለካት በተነሣ ጥናት ላይ የ6 ሰዓት ልዩነት ሁሉን ነገር ያበላሻል። ስለዚህ ቅጹ ላይ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ፣ ሌሊት ብለን የሚከበብ ቦታ አደረግን፤ ሁሉም በሐበሻ ሰዓት እንዲጻፍም ተስማማን። ከገጠር የመጣ ሰው መቼ እንደተጎዳ ሲጠየቅ «ከብት ሲገባ» ወይም «ቅዳሴ እንደወጣ» ይላል። እሱም እንዳለ ይጻፋል፤ ወደ ሰዓት የምንቀይረው በኋላ፣ ሁልጊዜም በአንድ ዓይነት መንገድ ነው።

ከዚያ ከአስታማሚዎች ጋር አብሬ መዞር ጀመርኩ። ከጥናቱ ሁሉ የጠቀመኝ ይሄ ነው። ወንድምየው ካርድ ያወጣል፣ ይሰለፋል፣ ታማሚው ራጅ ይነሣል፣ ማዘዣ ይጻፋል፣ ወንድምየው ፋርማሲ ይሄዳል፣ ብር ይጎድለዋል፣ ዘመድ ይደውላል፣ ተመልሶ ይሰለፋል። መድኃኒቱ እኮ ይህን ሁሉ ጊዜ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው ያለው! መፍትሔውን ያመጣችው የድንገተኛ ክፍሉ ሲስተር ናት። የመጀመሪያው ዶዝ በትንሽ ሣጥን ትሪያጅ (ታማሚው መጀመሪያ የሚታይበት ቦታ) ላይ ይቀመጥ፣ ታማሚው ከራጅ በፊት ይወጋ፣ አስታማሚው በኋላ ገዝቶ ይተካ አለች። የቲታነስ መከላከያውም እዚያው ሣጥን ውስጥ ገባ።

ታማሚውን በጥናቱ እንዲሳተፍ ፈቃድ የምንጠይቀው ሕመሙ ትንሽ ከታገሠለት በኋላ ነው። እግሩ ተሰብሮ የሚጮህን ሰው ፈርም ማለት ፈቃድ መጠየቅ አይደለም። አንድ አባት «ልጄ ላይ ሙከራ ልትሠራ ነው ዶክተር?» አሉኝ። «አይደለም አባቴ። ሕክምናው ለሁሉም አንድ ነው። እኔ የምመዘግበው መድኃኒቱ የተሰጠበትን ሰዓትና ቁስሉ እንዴት እንደዳነ ነው» አልኳቸው። እንዲህ በአጭሩ ሲነገራቸው አብዛኞቹ ይስማማሉ።

ከባዱ ክትትሉ ነው። የታማሚው ስልክ ብዙ ጊዜ አደጋው ላይ ይሰበራል ወይም ይጠፋል፤ የአስታማሚውን፣ የጎረቤቱን፣ ከተገኘም የቀበሌውን ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቁጥር ቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። በቀጠሮው ያልመጣን ሰው ከቁጥር ማውጣት ውጤቱን ያሳምረዋል፤ እውነቱን ግን ያጠፋዋል። የቀረው ድኖ ሊሆን ይችላል፣ መግል ይዞ ቤት ተኝቶም ሊሆን ይችላል። ወጌሻ ጋ ሄዶ ከሆነም አትቆጡት፤ ከተቆጣችሁት ይደብቃችኋል፤ ጠብቆ የታሰረው ቀርከሃ ደም ከልክሎ እግር እንደሚያስቆርጥ የምታስረዱበትን ዕድልም ታጣላችሁ። ደግሞ «ቁስሉ ደረቀ ወይ?» ብቻ ብላችሁ አትዝጉት። ራጁ ላይ አጥንቱ ገጥሞ ሰውየው ማረስ ካልቻለ ለእሱ ገና አልዳነም። እኔ «ሥራ ጀመርክ?» የሚለውን ዋና ጥያቄ አደረግሁት።

ሣጥኑ ከገባ በኋላ መድኃኒቱ የሚሰጥበት ሰዓት በግልጽ አጠረ። ኢንፌክሽን ቀነሰ ብዬ ግን አልጻፍኩም። የታማሚዎቹ ቁጥር ትንሽ ነው፤ በዚያው ሰሞን የቁስል እንክብካቤውም ተሻሽሏል፤ የትኛው ምን እንደሠራ በፊትና በኋላን በማነጻጸር ብቻ መለየት አይቻልም። አማካሪዬ ድፈር እያለ ቢገፋፋኝም በዚህ አልተስማማሁም።

አሁን ዓይናችን ሪፈር ተጽፎላቸው በሚመጡት ላይ ነው። በጣም የሚዘገየው እነሱ ጋ ነው፤ ወረቀታቸው ላይ ጤና ጣቢያው ምን እንደሰጣቸው አይጻፍም። የመጀመሪያው ዶዝ እዚያው ጤና ጣቢያ እንዲሰጥና መድኃኒቱና ሰዓቱ ሪፈር ወረቀቱ ላይ እንዲሰፍር ከጤና ጣቢያዎቹ ጋር እየተነጋገርን ነው።