ለእኔ ብላ አልዋኘችም

ሰሞኑን ድብርት ተጫጭኖኛል። ሥራዬን ልለቅ ነው፤ ዜናው የከበዳት ግን አክስቴን ነው። ማታ ደውላ "ምን ጎድሎብሽ ነው ልጄ?" ስትለኝ ድምፅዋ ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ነበር የሚመስለው። እኔው ስለ ራሴ ደመወዝ አጽናንቻት ስልኩን ዘጋሁ።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ማን ትዝ ብትለኝ ጥሩ ነው? ሎር ማኖዱ። አዎ፣ ፈረንሳዊቷ ዋናተኛ።

የ2004 አቴንስ ኦሊምፒክ ለእኛ ቤት 10 ሺህ ሜትር ነው፤ ቀነኒሳና ስለሺ ኃይሌን እየዞሩ ሲያዩት (አሁንም ሆዴን ያባባዋል)። ሩጫው እስኪደርስ ግን ያገኘነውን ሁሉ እናይ ነበር፣ ዋናም ቢሆን። የ17 ዓመት ልጅ መጥታ የ400 ሜትር ነፃ ቀዘፋን ወርቅ ወሰደች። በ800 ሜትር የብር ሜዳሊያ፣ በ100 ሜትር የጀርባ ቀዘፋ ነሐስ ደረበችበት። ከዚያ በፊት ፈረንሳይ በዋና የኦሊምፒክ ወርቅ ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው በ1952 ነበር፤ ሴትማ ከነአካቴው አምጥታ አታውቅም። አገሩ በአንድ ሌሊት "ልጃችን" አላት። ጸጉረ ረጅሙ፣ ወርቅ በወርቅ የሆነው አሠልጣኟ ፊሊፕ ሉካ ሳይቀር ታዋቂ ሆነ። በ2006 ከ1988 ጀምሮ የቆመውን የአሜሪካዊቷን ዋናተኛ የጃኔት ኢቫንስን የ400 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች፤ በ2007 ሜልቦርን ላይ የዓለም ሻምፒዮናውን በ200ም በ400ም ወሰደች።

ከዚያ በ20 ዓመቷ ሉካን ተወችና የምትወደውን ዋናተኛ ተከትላ ጣሊያን ገባች። ነገሩ አልያዘላትም። በ2008ቱ የቤጂንግ ኦሊምፒክ በ400 ሜትር ፍጻሜ ስምንተኛ ወጣች፤ ስምንት ሰው በሚዋኝበት ውድድር ስምንተኛ ማለት ምን እንደሆነ አልነግራችሁም። "ፍቅር አበላሻት" ያላለ አልነበረም። የ20 ዓመት ልጅ አፈቀረች ተብሎ አገር ለቅሶ ይቀመጣል? ደግሞ እኮ ጠዋት ጠዋት እዚያ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የምትገባው እሷ ናት፣ አንዳቸውም አብረዋት አልገቡም።

በ22 ዓመቷ በቃኝ አለች። ወለደች። ተመልሳ ለለንደን 2012 ደረሰች፣ ከማጣሪያው ግን አላለፈችም። ከዚያ በኋላ ያለው ነው የኔ። ታናሽ ወንድሟ ፍሎራን 50 ሜትሩን በ21.34 ሰከንድ አሸንፎ ከውኃው ሲወጣ፣ እሷ እያለቀሰች ገንዳው ዳር ድረስ መጥታ እርጥብ ሰውነቱ ላይ ተጠመጠመችበት። በራሷ ወርቅ እንደዚያ ስትሆን አላየኋትም።

ፈረንሳዮችም ቂም አልያዙም መሰለኝ፤ ለፓሪስ 2024 ችቦው ኦሊምፒያ ላይ ሲለኮስ መጀመሪያ የተቀበለችው ፈረንሳዊት እሷ ነበረች።

እና የራሷ ሕይወት ነው፣ ማንም አያገባውም ብዬ ደምድሜ ልተኛ ስል አንድ ነገር ቆረቆረኝ። የቤጂንጉ ወርቅ የተገኘው በ4 ደቂቃ ከ03.22 ሰከንድ ነው። እሷ በ2006 ቡዳፔስት ላይ በ4 ደቂቃ ከ02.13 ዋኝታለች። ከአንድ ሰከንድ በላይ እኮ ነው! ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆኗል፤ ውኃ ከጉልበቷ በላይ ሲደርስ የምትጮኸው እኔ ወረቀት ይዤ እያሰላሁ ነው። አንድ ዓመት ብቻ፣ አንዲት ዓመት ሉካ ጋ ብትቆይ ምን ነበረበት?