እንኳን አደረሳችሁ! ዘንድሮ ግን ሃምሳ አለቃ የሉም

እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገረን! ወዳጆቼ፣ የቅርብም የሩቅም የምታነቡኝ ሁሉ፣ እንኳን ለ2018 ዓ.ም. አደረሳችሁ!

ቄጤማው ተጎዝጉዟል። ቁሌቱ ከሌሊት ጀምሮ እየተሠራ ነው። የሠፈሩ ልጆች የሳሉትን አበባ ይዘው በር እያንኳኩ ነው። ከትናንት ወዲያ ደግሞ የሕዳሴ ግድባችን ተመረቀ። ከጡረታ ደሞዛቸው ቆጥበው ቦንድ የገዙ አንድ ሰው ይህን ቀን ቢያዩ ብዬ ስመኝ ዋልኩ።

ስማቸውን አልጽፍም። በሕይወት ሳሉም በአደባባይ ሲመሰገኑ ይጨንቃቸው ነበር። ሠፈሩ ሃምሳ አለቃ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው ልበላቸው። ግንቦት ላይ በ91 ዓመታቸው አረፉ። ያለ እሳቸው የምናሳልፈው የመጀመሪያ እንቁጣጣሽ ነው።

በየዓመቱ ጳጉሜን 5 ማታ ችቦ ሲለኮስ ሃምሳ አለቃ ከግቢያቸው ወጥተው ይቀላቀሉናል። ልጆቹ ጨፍረው ሲደክማቸው ወሬው ሁሌ ሮም ነው። አበበ ቢቂላ የሮም ኦሎምፒክን ማራቶን በባዶ እግሩ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ! ሩጫው የተጀመረው ወደ ማታ ስለነበር ሳያልቅ ጨለመ። በአፒያ መንገድ ግራና ቀኝ የጣሊያን ወታደሮች ችቦ ይዘው ቆሙ። «እኛ እዚህ ለአዲስ ዓመት እናበራለን፣ እነሱ እዚያ ለአበበ ያበሩለታል» ይሉ ነበር ሃምሳ አለቃ። ያኔ እሳቸውም እንደ አበበ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበሩ።

2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ይህን ቁጥር የማያውቅ ልጅ ሠፈራችን ውስጥ የለም። ሃምሳ አለቃ ግን የሚጠይቁት ሌላ ነገር ነው። «ሰባተኛ ማን ወጣ?» ይላሉ። ልጆቹ ዝም። «አበበ ዋቅጅራ! እሱም የእኛ ልጅ ነው። በሉ ለሱም አጨብጭቡለት።» ይጨበጨባል። ትናንት ማታም ተጨበጨበ። ጠያቂዋ የልጅ ልጃቸው ነበረች።

ኮሪያ የዘመቱት በሐምሌ 1945 ዓ.ም. የተኩስ አቁሙ ከተፈረመ በኋላ ነው። ዋናው ውጊያ ቢያበቃም ግንባሩ ይጠበቅ ነበር። ከእሳቸው በፊት ከሄዱት የቃኘው ሻለቃ ልጆች ከ120 በላይ የሚሆኑት እዚያው ወድቀዋል። የተማረከ ግን አንድም አልነበረም። ሃምሳ አለቃ ስለ ጦርነቱ አያወሩም። ስለ ሕፃናቱ ከሆነ ግን ያወራሉ። ቃኘዎች ወላጆቻቸውን ላጡ የኮሪያ ልጆች ማሳደጊያ አቋቁመው ነበር። እሳቸው በእረፍት ቀናቸው እየሄዱ ልጆቹን አሰልፈው ስፖርት ያሠሯቸው ነበር። በምን ቋንቋ ብዬ ጠየቅኳቸው። «በፊሽካ» አሉኝ።

አስተማሪ የመሆን ምኞት ያደረባቸው ግን ኦኒ ኒስካነንን አይተው ነው። ኒስካነን የአበበ አሠልጣኝ እንደነበረ ሁላችንም እናውቃለን። ፊንላንድ ተወልዶ ስዊድን ያደገ፣ ለፊንላንድም በፈቃዱ የዘመተ ወታደር እንደነበረ ብዙ አይወራም። በ1930ዎቹ መጨረሻ አገራችን መጥቶ የክቡር ዘበኛ ዕጩ መኮንኖችን ስፖርት አሠለጠነ። ለቀይ መስቀልም ሠራ። ሃምሳ አለቃ የሚያውቁት ከሩቅ ነው፤ ሰዓቱን በእጁ ይዞ ሜዳ ዳር ቆሞ። አንድ ወታደር ጠመንጃውን አስቀምጦ እንዲህ ያለ ሥራ ሊሠራ እንደሚችል ያዩት በእሱ ነው።

ከሮም ድል ሦስት ወር ገደማ በኋላ የታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት መጣ። ክቡር ዘበኛ ተበተነ። ሃምሳ አለቃም ዩኒፎርማቸውን አውልቀው በስፖርት መምህርነት ሠለጠኑ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሥራቸው እሱ ሆነ።

እኔ ያወቅኳቸው ሰባተኛ ክፍል ሆኜ ነው። በስፖርት ክፍለ ጊዜ እኛ ሴቶቹ ጥግ ይዘን ዳንቴል እንሠራ ነበር። ማንም ምንም አይለንም። እሳቸው የመጡ ዕለት ዳንቴሉን አንድ በአንድ ከእጃችን ተቀብለው የክፍሉ መስኮት ላይ ደረደሩት። «ስትጨርሱ ትወስዳላችሁ» ብለው ሜዳው ላይ አሰለፉን። ከመሃላችን አንዷ እግሯን በደንብ ማጠፍ አትችልም ነበር። ሁላችንም ጨርሰን ቁጭ ስንል እሷ ገና ግማሽ ላይ ናት። መሳቅ ጀመርን። ሃምሳ አለቃ ግን ሰዓቱን አላቆሙም። ስትገባ ሰዓቷን ጮክ ብለው ነገሯት፤ እንደ እኛው ደብተራቸው ላይ ጻፉላት። በሚቀጥለው ሳምንት 4 ሰከንድ አሻሻለች። ያን ቀን ያጨበጨብንላት ጭብጨባ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ያቺ ልጅ ዛሬ ዳላስ ነው የምትኖረው። በስተርጅና የሃምሳ አለቃን የደም ግፊት መድኃኒት ሳታቋርጥ ትልክ የነበረችው እሷ ናት። እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ወጪውን ከማን ጋር ተካፈልሽው ብዬ ስጠይቅሽ ስልኩን እንደዘጋሽብኝ አልረሳም!

ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ የሮጠች ማታ ሃምሳ አለቃ እኛ ቤት ነበሩ። ቴሌቪዥኑ ፊት ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጠው 25 የክብሪት እንጨት ጭናቸው ላይ ደረደሩ። 10 ሺህ ሜትር 25 ዙር አይደል? ሯጮቹ አንድ ዙር በጨረሱ ቁጥር አንድ ክብሪት አንሥተው መሬት ላይ ያደርጋሉ። ቤቱ ሙሉ ሲጮህ እሳቸው ክብሪቱን አይለቁም። አንዲት ክብሪት ስትቀር ብድግ አሉ። ደራርቱ አሸንፋ ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር ጋር ሜዳውን ስትዞር እናቴ እልል አለች። እሳቸው እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ «እነዚያ ዳንቴል ሠሪዎች የት አሉ?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

ከጡረታ በኋላ በአትሌቲክስ ውድድር ዳኝነት ያገለግሉ ነበር። ዙር ቆጣሪ ነበሩ። ቀላል የሚመስለው ሰው አለ፤ አይደለም። ፊት ያሉት 24ኛውን ዙር ሲጨርሱ ኋላ ያለው ልጅ ገና 22ኛው ላይ ሊሆን ይችላል። የእያንዳንዱ ሂሳብ በትክክል ካልተያዘ አንዱ 26 ዙር ይሮጣል፣ ሌላው በ24 ያቆማል። የመጨረሻውን ዙር ደወል ሁሉም ይሰማዋል፤ ቆጣሪውን ዞር ብሎ የሚያይ ግን የለም። ታላቁ ሩጫ በ1994 ዓ.ም. ሲጀመር ደግሞ መንገድ ዳር ቆመው ውኃ አደሉ። ጥምቀት ሲሆን የቀይ መስቀል ሰደርያ ለብሰው ጃንሜዳ ይውላሉ፤ ፀሐይ የመታው ሰው ያነሣሉ። የእድራችንም ጸሐፊ ነበሩ። ለዚህ ሁሉ ደሞዝ አልነበረውም።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተቋም ሊሸልማቸው ጠራቸው። ሱፋቸውን አስተኮሱ። የኮሪያ ሜዳሊያቸውን አወጡ። በደርግ ጊዜ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅነቱ ሲጠና ያንን ሜዳሊያ እህል ውስጥ ቀብረውት ነበር፤ አሁን በነፃነት ደረታቸው ላይ አደረጉት። አዳራሹ በር ላይ ስንደርስ ፕሮግራሙ ተራዝሟል ተባልን። ደውሎ የነገራቸው የለም። ከዚያ በኋላም መልሶ የጠራቸው የለም። በመንገዳችን ሁሉ ስለ ዝናቡና ስለ ጤፍ ዋጋ አወሩኝ። እኔን ግን ዛሬም ያንገበግበኛል።

ለቅሶው ላይ ሰው ከድንኳኑ ተርፎ መንገዱን ሞላው። ሐኪም፣ ጉሊት የምትቸረችር እናት፣ የቀድሞ ሯጮች፣ እርሳቸው ያስተማሯቸው አስተማሪዎች። አንድ ጎልማሳ የታክሲ ሹፌር ተነሥቶ «ጃንሜዳ ላይ ከሁሉም መጨረሻ የገባሁት እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ሄዷል። ሃምሳ አለቃ ዝናብ እየወረደባቸው ወረቀታቸውን በኮታቸው ሸፍነው ጠበቁኝ» አለ። ከዚያ በኋላ የተናገረው ሁሉ አልተሰማም። ሰው ያለቅስ ነበር።

ስለዚህ ዘንድሮ ምስጋናዬን ለእናንተ ላድርስ። ከሥራ ስትመለሺ፣ ደክሞሽም ቢሆን፣ ግፊታቸውን ሳትለኪ ቤትሽ የማትገቢው ነርስ ጎረቤቴ። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አድርሰህ ስትመልሳቸው «ሂሳብ» ሲሉህ መሪውን ይዘህ የምትስቅ የባጃጁ ልጅ። ሠልስቱ እስኪወጣ ቤታችሁን ዘግታችሁ ሽንኩርት ስትከትፉ የሰነበታችሁ የእድራችን ሴቶች። ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ።

ለእናንተ ለርዕሳነ መምህራን ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ሒሳብ በተጓደለ ቁጥር ማካካሻው የስፖርት ክፍለ ጊዜ አይሁን። ልጆቹ ይሩጡበት። ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሕንፃ የምትጨምሩም ሜዳውን ተዉላቸው። ውድድር የምታዘጋጁ ደግሞ ፀሐይ ላይ ለሚውሉት ዳኞች ውኃና ጥላ አትርሱ፤ አበላቸውንም በጊዜው ክፈሏቸው። የኮሪያ ዘማቾች በጣት የሚቆጠሩ ቀርተዋል። ሠፈራችሁ ውስጥ አንድ ካለ በዓሉ ሳያልፍ ዳቦ ይዛችሁ ግቡ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ግቡ፤ ይጠይቋቸው።

በግጭት ከቤቱ ተፈናቅሎ በዓሉን በሰው ቤትና በመጠለያ ለሚያሳልፈው ወገናችን ዓመቱ ወደ ቀዬው የሚመለስበት ይሁንለት። በዓረብ አገር በሰው ማጀት ሆናችሁ ይህን የምታነቡ እህቶቼ፣ አገራችሁ ገብታችሁ ወላጆቻችሁን ለማየት ያብቃችሁ።

ከነገ ወዲያ፣ መስከረም 3፣ የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ቶኪዮ ላይ ይጀመራል። በ1957 ዓ.ም. አበበ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ሁለተኛ ወርቁን ያጠለቀባት ከተማ ናት። ልጆቻችንን ድል ይቅናቸው። ሃምሳ አለቃ ቤት ተሰብስበን እናያለን። ባለቤታቸው «ቤቴ ጭር እንዳይልብኝ» ብለው አደራ ብለውናል። ቡና ይፈላል፣ ቆሎ አለ። ክብሪቱን የልጅ ልጃቸው ትይዛለች። ሠፈሩን የምታውቁት ሁሉ ኑ፤ በርጩማ ካላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ ቦታ ይጠበናል።

መልካም አዲስ ዓመት!